ተውን ወይስ አስተዉን?

በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሲያመሽ፣ ወይም ሠርግ ቤት ሁለት ብርሌ ጠጅ ከወረደለት በኋላ የሚያነሣት አንዲት ወግ አለች። «እኔኮ ልጅ ሳለሁ ክራር እመታ ነበር፤ ተውኩት እንጂ» ይላል። አጠገቡ ያለው ወዲያው ይቀበለዋል። «እኔስ ብትል! ግራ እግሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኳሱን ተውኩት እንጂ።» ሦስተኛው ሠዓሊ ሊሆን ነበር። አራተኛዋ መረብ ኳስ ስትመታ ወንዶቹ ይሸሹ ነበር። ሁሉም ነበሩ፤ ሁሉም ተዉት። ከዚያ ትንሽ ዝም ይባላል፤ ሁሉም የየራሱን ሬሳ ቀብሮ ሲመለስ ወሬው ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ይዞራል።

እኔ ጠቤ ከሰዎቹ ጋር አይደለም። ጠቤ ‹ተውኩት› ከምትባለው ግሥ ጋር ነው። ሰዋስው ያስተማሩን መምህር «ግሥ ሲነገራችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ» ይሉን ነበር። እስቲ እንፈልግ። ‹ተውኩት› ባዩ ማን ነው? እኔ። መቼ? የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ። ለመሆኑ በአገራችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምን ነገር ባለቤት ሆኖ ያውቃል? የሚለብሰውን አይመርጥም፤ የሚበላውን አይመርጥም፤ ፀጉሩን ሲስተካከል እንኳ ለፀጉር አስተካካዩ ቁርጡን የሚነግሩት አባቱ ናቸው። ሁሉን ነገር ሌላ ሰው የሚወስንለት ይህ ልጅ፣ ክራሩ ላይ ሲደርስ ብቻ በድንገት ባለሙሉ ሥልጣን ይሆንና ‹ተወው› ይባላል!

አይደለም። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ሌላ ግሥ አላት፤ ‹አስተዉኝ› ትላለች። ‹አስጣሉኝ›ም ያስኬዳል። ይህን የምለው ቃል ለማሳመር አይደለም። ‹ተውኩት› ያለ ሰው ጥፋቱን በገዛ እጁ ፈርሞ ይረከባል፤ ያስተወው ወገን በነፃ ይሰናበታል፤ በነፃ የተሰናበተ ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል። እየቀጠለም ነው። የሚገርመው፣ ያስተዉን ሰዎች በየሰፈሩ ‹አስተዋይ› የሚባሉት ነበሩ።

«አንተን ማን አስተወህ?» ለሚለኝ አንባቢ ነገሩን ላውጋው። ያደግሁት ጎፋ ነው። አካባቢው ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይባላል፤ ይህን ስም ያገኘው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በዐሥር ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ነው። (‹ንፋስ ስልክ› ያለ ሽቦ የሚናገር ስልክ ማለት ነው። ከሩቅ የሚመጣን ድምፅ በመስማት የተሰየመ ሰፈር አጠገቡ ያሉትን ልጆች ድምፅ አለመስማቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በእኔ ልጅነት ከፍተኛና ቀበሌ ነበር የምንለው። ከመካኒሳ ወዲያ፣ በላፍቶና በጀሞ በኩል፣ እርሻና ባሕር ዛፍ ነበር። ቀበሌያችንም እንደ ጊዜው ቀበሌ ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው።

ኪነት ሲባል የዛሬ አንባቢ መፈክር ብቻ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ትርጉሙን የማናውቀውን መፈክር በዜማ ጮኸናል። ነገር ግን ከመፈክሩ በስተጀርባ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ከበሮና ጥቂት ቁልፎቹ የማይሠሩ አኮርዲዮን ነበሩ። ከሁሉም በላይ አንድ ሰው ነበሩ። ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ በጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ የሚንተባተቡ፣ ሲዘፍኑ የማይንተባተቡ ሰው። ክራር የያዘ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ዘፈን መማር ይፈልጋል፤ እሳቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ መቃኘት ብቻ አስተማሩን። ትዝታን ቃኝ፤ አፍርሰው። ባቲን ቃኝ፤ አፍርሰው። አምባሰልን፤ አንቺ ሆዬን፤ አፍርሰው። ስድስት ክር ነው፤ አንዱን ስታጠብቅ ሌላው ይላላል። «እጅህን ተወው፤ ጆሮህን ጠይቀው» ይሉ ነበር። አንዱ ክር ከሌላው ጋር ተስማምቶ አየሩ በድንገት ሲጠራ የተሰማኝን ነገር፣ ከዚያ በኋላ በተማርኩት ትምህርት ሁሉ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያገኘሁት። ቤት ውስጥ ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ፣ እንጨትና የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አገናኝተን የየራሳችንን ክራር ሠራን። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል ነበር፤ ግን ይቃኛል።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ ነገሩ አበቃ። ስሙን የማልጠራው ት/ቤታችን አንድ ጧት ሰልፍ ላይ «የሚኒስትሪ ተፈታኞች ከማናቸውም ክበብና ቡድን ታግደዋል» አለ። ዕገዳው ለአንድ ዓመት ነው ተባለ። ከሚኒስትሪ በኋላ ግን ዘጠነኛ ይመጣል፤ ዘጠነኛ ሌላ ት/ቤት፣ ሌላ ፈረቃ ነው፤ ከዚያ ማትሪክ ይመጣል። አንድ ዓመት የተባለ ዕገዳ በአገራችን ሲያልቅ ያየ እጁን ያውጣ። በዚያው ሳምንት አባቴ «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» አሉኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። አስናቀች ወርቁ በራዲዮ ክራሯን ስታነሣ ቤቱን ጸጥ አሰኝተው ድምፁን ከፍ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። የወደዱትን ጥበብ ከሰው ልጅ እንጂ ከገዛ ልጃቸው አልፈለጉትም። ይህ የአባቴ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የቤተ ዘመድ ነው ብዬ ባልጻፍኩት ነበር። አገር ምድሩ እንዲህ ነው። ሠርጋችን ያለ ዘፋኝ አይደምቅም፤ ልጃችን «ዘፋኝ ልሁን» ያለ ቀን ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ዛሬም ‹አዝማሪ› የምትለዋን ቃል ለስድብ የማይጠቀምባት ሰው ስንት ነው?

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ ኪነቱ ራሱ ተበተነ። መፈክሩ መጣሉ ደግ፤ ክራሩስ ምን አጠፋ? መሣሪያዎቹ ቀበሌው መጋዘን ገቡ፤ ከዚያ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ የለም። ጡረተኛው ሰውዬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከበሮ እንኳ አልተመታም።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሰፈራችን ውስጥ መረብ ኳስን ከእኛ ሁላችን የተሻለች አንዲት ልጅ ነበረች። መረብ ብዬ አከበርኩት እንጂ በሁለት ባሕር ዛፍ መሐል የታሰረ ገመድ ነው። ስትዘል ገመዱን ከላይ አጎንብሳ የምታየው ይመስል ነበር። እሷን ያስተዋት ሚኒስትሪ አይደለም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው፤ «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ሜዳ ለሜዳ አትዝለዪ» ተባለች፤ ምጣዱና ጀሪካኑ ተረከቧት። ወንዱ በፈተና ስም ነው የሚያስተዉት፤ ሴቷን ለማስተው ስም እንኳ አያስፈልግም። ስለዚህ እኛ ወንዶቹ ጠጅ ይዘን ስናለቅስ፣ ከእኛ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድመው የተቀበሩ እኅቶች እንዳሉን ባንረሳ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። የ‹አስተዋዮቹ› የመጀመሪያ መከራከሪያ «ትምህርት ይቀድማል» ነው። ይህን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ክራሩንና ኳሱን አስጥላችሁ ያተረፋችሁትን ሰዓት ምን አደረጋችሁት? ሂሳቡ ይታይ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተጓጉዘው በጥቅምት 2015 ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ደረሰ። ብዙ ት/ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የዚህ መከራ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ ወረርሽኝ አለበት፣ የመምህሩ ደመወዝ አለበት፣ ለዓመታት የተደበቀ ኩረጃ አለበት። ክራር ስላልተመታ ወደቁ የምል ሞኝ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ እነዚህ ልጆች ክራር ሲመቱና ኳስ ሲጫወቱ ውለው አይደለም የወደቁት። ሁሉን ጥለው፣ ቅዳሜያቸውን በማጠናከሪያ፣ ማታቸውን በአስጠኚ አሳልፈው ነው የወደቁት። መሥዋዕቱ ቀረበ፤ በረከቱ ግን አልወረደም። መሥዋዕት አቅራቢዎቹ ደግሞ «በጉ አንሶ ነው፤ ሌላ እንጨምር» እያሉ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከዚህ ይብሳል። «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ድሃ ነን» የሚለው ነው። ከድህነት ጋር የሚያያይዙት ሰዎች የራሳችንን ታሪክ ረስተዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመን ገዳም ውስጥ የሚያድጉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ‹አርባ ልጆች› የምንላቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ደረሰ። ከእልቂት የተረፉ፣ አባትና እናት የሌላቸው፣ በምጽዋት የሚያድጉ ልጆች ናቸው ለኛ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ካኖሩት ዋነኞቹ። መነኮሳቱ «እንጀራ ይቅደም፤ መለከት ቅንጦት ነው» ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ሩቅ እንሂድ ካላችሁ ቬንዙዌላ አለች። በ1967 ዓ.ም. ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ የሚባል ሰው፣ ሙያው ኢኮኖሚክስም ሙዚቃም የሆነ፣ ካራካስ ውስጥ ዐሥራ አንድ ልጆች በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሰብስቦ ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። ያ ነገር አድጎ ‹ኤል ሲስቴማ› ተባለ፤ በድሃ ሰፈር ያሉ ልጆችን በብዙ መቶ ሺህ ከት/ቤት መልስ ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባ። ለዓመታት የሎስ አንጀለስን ፊልሃርሞኒክ የመራው ጉስታቮ ዱዳሜል ከዚያ የወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ነገሩን የጀመረው ኢኮኖሚስት ነው። የገንዘብን ነገር ከእኛ ‹አስተዋዮች› የተሻለ ሳያውቅ አይቀርም።

ደግሞስ ምን ያህል ገንዘብ ነው? የጨርቅ ኳስ ስንት ያወጣል? በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወንዶቹ ልጆች ወረቀት ላይ ፀሐይና አበባ፣ ባለ ክንፍ መልአክ በቀለም ሥለው፣ በነጋታው በየቤቱ እየዞሩ ያድሉ ነበር፤ ባለቤቱም ሳንቲም ይሰጣል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ የሥዕል ዐውደ ርእይ አላየሁም፤ ሙሉ ከተማው ሠዓሊ፣ ሙሉ ከተማው ገዥ። ዛሬ ልጆቹ የሚያመጡልኝ በማተሚያ ቤት የተባዛ ካርድ ነው። ወረቀትና ቀለሙ ከድሮው ረክሶ ሳለ ሥዕሉ የጠፋው ድሃ ስለሆንን ነው? ልጁ ጊዜ ስለሌለው ነው።

ከዚህ ላይ ለሙግቴ የሚጠቅሙኝን ሁለት ታላላቅ ስሞች ላንሣ። አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና ይማራል ተብሎ ነበር። ሁለቱም እዚያ ት/ቤት ሲገቡ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ለጎን ሥዕልና ሙዚቃ አገኙ። መምህራኖቻቸውም ዝንባሌያቸውን አይተው ዝም አላሉም። አንደኛው የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስተዋቶች ሠራልን፤ ሁለተኛው በለንደንና በቦስተን ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ይዞልን መጣ። የምወዳቸው ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ታሪካቸውን ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬን የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። ዕድላቸው ከአገር መውጣታቸው ነበር። የእኛ ት/ቤት ሰልፍ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለት ጡረተኛ መሐንዲሶች ይኖሩን ነበር፤ ድንኳን ውስጥም «ልጅ ሳለሁ እሥል ነበር፤ ተውኩት እንጂ» ይሉን ነበር።

አገር ውስጥ ሆኖ ያልተወ የለም ማለቴ አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኰንን ተማሪ ሳለ የያዘውን ኳስ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሠልጣኝ ነበር፤ እስከ 1979 ዓ.ም. ለዐሥራ አምስት ዓመታት የአፍሪካን እግር ኳስ መራ። በቆጂም አለች። መምህር ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው እዚያ ሲመደቡ የትንሽ ከተማ የት/ቤት ስፖርት ነበር የተረከቡት። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። አንድ መምህር፣ አንድ ሜዳ፣ ከትምህርት በፊትና በኋላ ያለ ጥቂት ሰዓት። ይህ ነው ጠቅላላ በጀቱ።

ይሁንና በዚህ መስመር ብዙ ብገፋ ራሴን እከዳለሁ። «ልጆቹ ይጫወቱ፤ ከመሐላቸው ሻምፒዮን ይወጣል» የሚለው ነገር ያው የፈተና አስተሳሰብ ነው፤ ከመቶ 3.3ቱን እንጂ ቀሪዎቹን አያይም። እኔ ክራሩን ባያስጥሉኝ ኖሮ ሙላቱን እሆን ነበር አልልም። መካከለኛ ክራር መቺ ነበር የምሆነው፤ ምናልባትም ከመካከለኛ በታች። እኔ የማዝነው ለዚያ ላልሆንኩት መካከለኛ ክራር መቺ ነው። ከሥራ ሲገባ ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ ግማሽ ሰዓት የሚቃኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳይሆን ጎረቤት ቤት የሚያመሽ፣ ለልጁ አንድ ነገር በእጁ የሚያሳይ ሰው። አንድ ከተማ የሚኖርባት በሻምፒዮኖች አይደለም፤ በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነው።

እነሱ ስለሌሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምናደርግ እዩት። ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከቄራ እስከ ለቡ ዙሩ። (ለቡ ውስጥ እንዲያውም ሙዚቃ ሰፈር የሚባል አለን፤ ስሙን ሰምቶ ልጁን ሙዚቃ ሊያስተምር የመጣ ሰው ካለ እግዜር ይርዳው።) ጎልማሳው ወይ ግሮሰሪ ነው፣ ወይ ጫት ቤት ነው፣ ወይ ዲኤስቲቪ ቤት ተፋፍጎ ለአርሴናልና ለማንቸስተር ይጮኻል። ኳስ የሚያይ እንጂ የሚጫወት ከተማ አይደለንም። በዓመት አንድ ቀን፣ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ሲደርስ፣ ቲሸርት ለብሰን ከተማውን እናጥለቀልቀዋለን። ያን ቀን የሰዉን ፊት አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ልጅ ይዘላል። የተራበ ሰው ፊት ነው። ታላቁ ሩጫን አልነቅፍም፤ በዓመት አንድ ቀን የሚበላ ሕዝብ ግን በቀሩት ቀናት ይራባል።

የዛሬ ልጆችስ? በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ‹የክወናና ዕይታ ጥበባት› የሚል ትምህርት አለው፤ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ቲያትር፣ ውዝዋዜ ይዟል። ሐሳቡን ላቀረቡት ሰዎች ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የእኅቴን ልጅ ደብተር ሳይ ግን መልሼ አጠለቅሁት። ደብተሩ ላይ የክራር ትርጉም ተጽፏል፤ የክሮቹ ቁጥር ተጽፏል፤ በሥሩ ምርጫ አለ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጁ ዐሥር ከዐሥር አግኝቷል። «ክራር ነክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ፈተና ላይ'ኮ አይመጣም» አለኝ። ዕውቀቱን ሰጥተው ነገሩን አስጣሉት። እኛን እንኳ ነገሩን ካስያዙን በኋላ ነበር ያስጣሉን።

ገንዘብ ያለው ደግሞ በሌላ በኩል ይሄዳል። ፒያኖ ማክሰኞ፣ ዋና ረቡዕ፣ ቴኳንዶ ዓርብ፣ ቅዳሜ ጧት ኮዲንግ። ልጁ መኪና ውስጥ ምሳውን ይበላል። እናቱ የምስክር ወረቀቶቹን በመስተዋት አስገብታ ሳሎን ትሰቅላለች። ይህም ያው ሚኒስትሪ ነው፤ ደረጃውን ብቻ ቀየረ። ልጁ ዐሥራ አምስት ሲሞላው ሁሉንም ባንድ ቀን ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ‹ተወው› ቢባል አልከራከርም፤ ከመጀመሪያውም የእሱ አልነበረም። በልጅነት ጨዋታ ውስጥ ወላጅ ሊሰጥ የሚገባው ነገር ጥቂት ነው፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው። ከዚያ ዞር ማለት።

ሰዓቱን ፈተናና ማጠናከሪያ በላው አልኩ። ቦታውን ማን በላው? በእኛ በኩል መልሱ ዓይን ያወጣ ነው። እርሻና ባሕር ዛፍ የነበረው ጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሆኗል፤ መካኒሳም፣ ጎፋም እንዲሁ። ቤት አይሠራ አልልም፤ እኔም የምኖረው እዚያው ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ነገር ግን በየሕንፃው መሐል ለልጆች ተብሎ የተተወው ባዶ መሬት ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የሚገዛው ባለመኪና ነው፤ የሚባረረው ባለ ኳስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከመኪና ነፃ የሆኑ እሑዶች የተጀመሩ ሰሞን ልጆች አስፋልት መሐል ኳስ ሲመቱ ያየ ሰው፣ የጠፋው ፍላጎት እንዳልሆነ ገብቶታል።

ሰው ሁሉ የማያየው ሜዳ ግን አለ። የመንግሥት ት/ቤት ግቢ! ሰፊ ነው፤ አጥር አለው፤ የግብ ብረት አለው፤ አንዳንዱ የቅርጫት ኳስ ሰሌዳም አለው። ዓርብ አመሻሽ ላይ ይቆለፋል፤ ሰኞ ጧት ይከፈታል። ቅዳሜና እሑድ ውስጥ የሚጫወተው የጥበቃው ፍየል ነው። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ይመለከታሉ። እኔ ሚኒስቴሩ ኦርኬስትራ ያቋቁም፣ ስታዲየም ይሥራ አላልኩም። የጠየቅሁት ቁልፍ ነው።

በሕንፃችን የምንኖር ወላጆች ተነጋገርንና ባለፈው ዓመት ወደ አንዱ ት/ቤት ሄድን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት በሩ ይከፈትልን፤ ከወላጆች ሁለት ሁለታችን በተራ እንቆማለን፤ የተሰበረ ነገር ቢኖር እንከፍላለን አልን። በሩ ላይ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው።

«አባቴ፣ በሩን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ክፈት የሚሉኝ እነሱ ናቸው።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«ደብዳቤ አምጣ ልጄ፤ ደብዳቤ ይዘህ ና።»

ደብዳቤ ጻፍን። ርእሰ መምህሩ ወደ ወረዳ መሩን፤ ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፤ ክፍለ ከተማው «ጉዳዩ የት/ቤቱ ነው» ብሎ መለሰን። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን፤ የሠላሳ አራት ወላጆች ፊርማ ያለበት። ገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመታበት። ሰባት ወር ሆነው፤ በሄድን ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። ቁልፉ አዛውንቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ አይቼዋለሁ፤ ከቤታቸው ቁልፍ ጋር ባንድ ሽቦ ታስሯል።